ዋስትና ያለው ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ፦ ከመላካችሁ በፊት

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ይዞ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «ዋስትናው አላለፈም፤ ይለውጡልኛል?» ብሎ ነው። ደረሰኙ ካለና ዲስኩ ካልተከፈተ አብዛኛውን ጊዜ ይለውጣሉ። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው ውስጡ ምን እንዳለ ነው።

ዋስትና ልውውጥ ነው። አምራቹ ሌላ ዲስክ ይሰጣችኋል፣ የተበላሸውን ያስቀራል። ፋይላችሁን ዋስትናው አይሸፍነውም። ተመላሽ ዲስኮች ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጠግነውና ተፈትሸው ለሌላ ደንበኛ በምትክነት ይላካሉ፤ ለእናንተ የሚመጣውም እንዲሁ የታደሰ ሊሆን ይችላል። በፊት የነበረውን አጥፍተው ይልካሉ እንበል። ቢሆንም ከጎንደር አዲስ አበባ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያም ወደ ውጭ አገር የሚሄድ አለ። በመካከል የማን እጅ እንደሚነካው እኔም እናንተም አናውቅም።

«ከሞተ በኋላ ማን ያየዋል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሃርድ ዲስክ ግን ሁለመናው አንድ ላይ አይሞትም። መረጃው የሚቀመጠው በሚሽከረከሩት ሳህኖች ላይ ነው። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የተቃጠለው ከሥር ያለው ሰርኩት ቦርድ ከሆነ ሳህኖቹ ደህና ናቸው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከተመሳሳይ ሞዴል ቦርድ አምጥቶ፣ የዲስኩን ልዩ መረጃ የያዘችውን ትንሽ ቺፕ ወደ እርሱ አዛውሮ ሊያነበው ይችላል። ሁለት የኤም አይ ቲ ተማሪዎች 158 ያገለገሉ ዲስኮችን ገዝተው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመው ነበር፤ ከሚሠሩት 129 ዲስኮች በትክክል የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። በሌሎቹ ላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥርና የሕክምና ጉዳይ ሳይቀር ተገኝቷል።

ዲስኩ ታሞም ቢሆን ኮምፒውተሩ የሚያየው ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ወዲያውኑ ኮምፒውተሩን አጥፉና ዲስኩን ባለሙያ ጋ ውሰዱት፤ እያበሩ እያጠፉ መሞከር የቀረውን ይጨርሰዋል። ድምፅ ከሌለው አስቀድማችሁ ቅጂ አውጡ። ዲዲሬስኪው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ደህናውን ክፍል አስቀድሞ ገልብጦ ወደ ተበላሸው በኋላ ስለሚመለስ ለእንዲህ ያለው ዲስክ የምመርጠው እርሱን ነው። ቅጂው መከፈቱን ሳታረጋግጡ ማጥፋት አትጀምሩ።

ከዚያ ዲስኩ ላይ ያለውን አጥፉ። ፋይሎችን ወደ ቆሻሻ ቅርጫት መጣል ማጥፋት አይደለም። ፈጣኑ ፎርማትም የመጽሐፉን ማውጫ ቀድዶ ገጾቹን እንደነበሩ መተው ነው። በዊንዶውስ ፎርማት ስታደርጉ «ኩዊክ ፎርማት» ላይ ያለውን ምልክት አንሱት፤ ከቪስታ ወዲህ ሙሉው ፎርማት ክፍልፋዩን በሙሉ በዜሮ ይሞላዋል። ዲስኩ በሲ እና በዲ ከተከፈለ ሁለቱንም ነው። ሰባት ጊዜ ደጋግማችሁ ጻፉበት የሚለው የድሮ ምክር ነው፤ ለዛሬ ሃርድ ዲስክ አንድ ጊዜ ዳር እስከ ዳር ይበቃል። ኤስኤስዲ፣ ማለትም ሳህን የሌለውና መረጃውን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው ዲስክ፣ ግን ሌላ ነው፦ እናንተ እዚህ ጻፍኩ ስትሉ እርሱ እንዳያረጅ ብሎ ሌላ ቦታ ይጽፋል፣ አሮጌው ይቀራል። ለእርሱ የአምራቹን ፕሮግራም አውርዳችሁ «ሴኪዩር ኢሬዝ» የሚለውን ተጠቀሙ።

ኮምፒውተሩ ጨርሶ የማያየው ዲስክ ላይ ያለውን እንዲህ ማጥፋት አይቻልም። መብሳትና መክፈት ዋስትናውን ያፈርሳል፤ የስፒከር ማግኔት ማስጠጋት ደግሞ ጊዜ ማባከን ነው። እዚህ ላይ የሚቀረው ሂሳብ ነው፦ የአዲስ ዲስክ ዋጋ በአንድ ወገን፣ ውስጡ ያለው በሌላ ወገን። የጥምቀትና የጥር ሰርግ ቀረጻ ብቻ ያለበትን የስቱዲዮ ዲስክ እኔ ብሆን እልከዋለሁ። ከተማችን ግን የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የሕክምና ተማሪ ተለይቷት አያውቅም፤ የሕሙማን ስምና ምርመራ የሞላበት የጥናት መጠይቅ ይዘው ይመጣሉ። አንዷን «እህቴ፣ ይህ ያንቺ አይደለም፤ አትላኪው» አልኳት። «ገና አዲስ ነው እኮ፣ ጋሼ» አለችኝ። አዲስነቱማ አይካድም። የሌላ ሰው መረጃ ሲሆን ግን፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ኃላፊነቱ የኅሊና ብቻ አይደለም።

ዋስትናውን ከተዋችሁ ሳህኖቹን አውጥታችሁ አጥፉ። የላፕቶፕ ዲስክ ሳህን ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ ስበሩት። የትልቁ ዲስክ ሳህን በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ፊትና ጀርባውን ፋቁት፣ እጠፉት። በኤስኤስዲ እያንዳንዱ ጥቁር ቺፕ መሰበር አለበት። ለመሥሪያ ቤት የምትገዙ ደግሞ ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ የተበላሸው ዲስክ በደንበኛው እጅ እንዲቀር የሚፈቅድ አገልግሎት በክፍያ ይሸጣሉ። ግዢው ሳይፈጸም ጠይቁ።

ላኩትም አልላኩትም፣ በብራውዘር ያስቀመጣችኋቸውን የይለፍ ቃሎች ለውጡ። በኮምፒውተር ቴሌግራም የምትጠቀሙ ከሆነ በስልካችሁ ቅንብር ውስጥ «መሣሪያዎች» ገብታችሁ ያንን ኮምፒውተር አስወጡት፤ የቴሌግራሙን ፎልደር ከዲስኩ የገለበጠ ሰው ያለ ኮድ ሊገባ ይችላል። የፓስፖርትና የፋይዳ ቅጂ ግን እንደ ይለፍ ቃል አይለወጥም፤ ሂሳቡን ስትሠሩ ይህን አስቡበት።

የተበላሸው ስክሪኑ ወይም ኪቦርዱ ብቻ ከሆነ ዲስኩን አስወጥታችሁ ላፕቶፑን ላኩ። የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፎ ክዳኑ ላይ መለጠፍ የሚባለውን ልማድ ደግሞ እባካችሁ ተዉት፤ ለእኔም ቢሆን አትስጡኝ።

ይህ ሁሉ ጣጣ የሚቀረው ዲስኩ ገና ጤነኛ ሳለ ሲመሰጠር፣ ማለትም ያለ ቁልፉ እንዳይነበብ ሲደረግ ነው። ከሞተ በኋላ ማሰብ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የዊንዶውስ ፕሮ ባለቤት ቢትሎከርን ያብራ፤ ሌላው ነፃውን ቬራክሪፕት ይጫን። ቢትሎከር የሚሰጠውን ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር አትማችሁ ከደረሰኙ ጋር ከኮምፒውተሩ ርቆ አስቀምጡት፤ እዚያው ዲስክ ላይ ያስቀመጡት ስንቶች ናቸው! የተመሰጠረ ዲስክ ሲሞት መለያ ቁጥሩን ፎቶ አንስቼ፣ ጠቅልዬ፣ ያለ ሐሳብ እልከዋለሁ።

ምትኩ ሲመጣ አዲስ ነው ብላችሁ አትመኑት። ሙሉ ፎርማት አድርጉት፣ ፈትሹት፣ መስጥሩት፤ ፋይል ከዚያ በኋላ ይግባ። የምትኩ ዋስትና ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የተረፈው ጊዜ ስለሆነ የድሮውን ደረሰኝ አትጣሉ።