ስኖርክል (በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ አሳ ማየት) ለመጀመሪያ ጊዜ ልትሞክሩ ከሆነ ሪዞርት ከመያዛችሁ በፊት ሳተላይቱን እዩ

ማልዲቭስ ወይ ዛንዚባር ለጫጉላም ይሁን ለእረፍት የምትሄዱ፣ የአልጋውን ፎቶ ተዉትና ጉግል ማፕ ላይ ሪዞርቱን ፈልጋችሁ ወደ ሳተላይት ቀይሩት። ከዳርቻው ቀጥሎ ነጣ ያለ ውሃ ሰማያዊ የሚታየው ጥልቀት የሌለው አሸዋ ነው፣ አሳ ብዙም አታዩበትም፣ ድንገት የሚጠቁርበት ጠርዝ ጋ ነው አብዛኛውን ጊዜ ሪፉ (አሳው የሚሰበሰብበት ኮራል) ያለው። ርቀቱን እዛው ለኩት፣ 50 ሜትር ምናምን ከሆነ ከዳርቻው ራሳችሁ ትደርሳላችሁ፣ 500 ከሆነ ግን በየቀኑ የጀልባ ልትከፍሉ ነው። (ጥቁር ሁሉ ሪፍ አይደለም፣ የባህር ሳርም ይጠቁራል፣ ስለዚህ የእንግዶችን ፎቶም እዩ።)

ዛንዚባር ምስራቁ በኩል እነ ፓጄ ባህሩ ሲሸሽ በጣም ሩቅ ነው የሚሄደው፣ ለመዋኘት ሰሜኑ ኑንግዊና ኬንድዋ ይሻላሉ፣ ለአሳው ግን ምኔምባ ደሴት ድረስ በጀልባ ነው።

እንደኔ ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ አድጋችሁ በሬሳ የሚባለው ወንዝ ላይ እግር ብቻ ነክራችሁ የምታውቁ ከሆነ ግን ጠርዙ ዳርቻው ላይ የተለጠፈበትን አትምረጡ፣ እዛ ወዲያው ይጠልቃል፣ ውሃውም ሊስባችሁ ይችላል። ረጋ ያለ ሰፊ ላጉን (ከሪፉ ወዲህ ያለ ጥልቀት የሌለው ውሃ) ያለው ይሻላችኋል፣ ላይፍ ጃኬትም አታውልቁ።