ጫማዎን ገልብጠው ሲያዩ የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ጅማ መርካቶ አጠገብ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ጫማ ሰፊ ጥቁር የቆዳ ጫማዬን ይዤ የሄድኩት በራሴ ላይ ከፈረድኩ በኋላ ነበር። የሁለቱም ታኮ የውጭ ጥግ ተበልቷል። «እግሬ ወደ ውጭ ይጣመማል ማለት ነው» ብዬ፣ የውጭ ጠርዙ ከፍ ያለ ጠንካራ የጫማ ንጣፍ ከሱቅ ገዝቼ አንድ ወር አድርጌበታለሁ። ትርፌ የቁርጭምጭሚቴ የውስጥ ጎን ሕመም ሆነ። አዛውንቱ ታኮውን አይተው ሳቁ። «ልጄ፣ ይህ እኮ የሰው ሁሉ ታኮ ነው» አሉና አጠገባቸው ለጥገና ከተደረደሩት አራት አምስቱን እየገለበጡ አሳዩኝ። ሁሉም እዚያው ጥግ ላይ ተበልተዋል።

የውጭውን የታኮ ጥግ እንደ በሽታ መቁጠር

የእኔ ስህተት ይህ ነበር፤ የብዙ ሰውም ነው። ስንራመድ እግራችን መሬት የሚነካው በተረከዙ የኋላና የውጭ ጠርዝ ነው። ከዚያ ክብደታችን በውጭው ጎን ወደ ፊት እየሄደ፣ እግሩ ትንሽ ወደ ውስጥ እየተጋደመ የመሬቱን ምት ይውጣል፤ በመጨረሻም በአውራ ጣትና በአጠገቡ ባለው ጣት ሥር መሬቱን ገፍቶ ይነሳል። ስለዚህ የታኮው የውጭ ጥግ እና የፊተኛው ክፍል መሃል ከተበሉ አረማመድዎ ደህና ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ከታኮው እስከ ጣቶቹ ድረስ የውጭው ጠርዝ ብቻ ካለቀና ውስጡ አዲስ እንደሆነ ከቀረ፣ እግሩ ወደ ውስጥ ሳይጋደም ቀርቷል፤ ይህ የውስጠ እግራቸው ቅስት ከፍ ያለ ሰዎች ላይ ይበዛል። በተቃራኒው የታኮው የውስጥ ጥግና ከአውራ ጣት ሥር ያለው ጠርዝ ከተበሉ፣ እግሩ ከመጠን በላይ ወደ ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው። ጠፍጣፋ እግር ያላቸው ሰዎች ጫማ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ያም ሆኖ ሕመም ከሌለ ንጣፍ ለመግዛት አይሩጡ። ጠፍጣፋ እግር ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ምንም ሳይሰማው የሚራመድ ሰው ብዙ ነው።

ጫማውን በእጅ ይዞ መመርመር

በእጅ የተያዘ ጫማ ያታልላል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ዓይንዎን ከታኮው እኩል ዝቅ አድርገው ከኋላ ይዩዋቸው። ወደ አንድ ጎን ያዘነበለው ወዲያው ይታያል። ንጣፉንም አውጥተው ይዩ፤ የተረከዝና የጣቶች አሻራ ጠልቆ የታተመበት ቦታ ከሶሉ የበለጠ ይናገራል፤ ሶሉን ድንጋይም ይበላዋልና።

የሌላ ሰው እግር ማንበብ

ሰልባጅ ጫማ ከገዙ፣ ሲገዙት የነበረው መበላት የእርስዎ አይደለም። ይባስ ብሎ የቀድሞው ባለቤት ያዘነበለው ታኮ እርስዎንም ወደዚያው ያዘነብላል። ከመግዛትዎ በፊት ጠፍጣፋ ነገር ላይ አቁሙልኝ ይበሉ። ነጋዴው ቢያጉረመርም ግድ የለም።

ሥራውንና መንገዱን መርሳት

ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ከቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች የአንዱን ቀኝ ጫማ ቢገለብጡ ሶሉ ከግራው ቀድሞ አልቆ ቢያገኙት አይግረምዎ። የባጃጅ የእግር ፍሬን በቀኝ በኩል ነው፤ ተረከዙ ወለሉ ላይ እየተፋተገ፣ የፊተኛው ክፍል ፔዳሉን ሲረግጥ ይውላል። ይህን አይቶ «አንዱ እግሬ አጭር ነው» ማለት የዋህነት ነው። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው ዳገት በየቀኑ የሚመላለስ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሽቅብ ሲወጣ በእግሩ የፊተኛ ክፍል ይገፋል፣ ቁልቁል ሲወርድ በተረከዙ ይይዛል፣ ጫማው ከሁለቱም በኩል ያልቃል።

በአንድ ትከሻ ብቻ የሚንጠለጠል ከባድ ቦርሳ፣ ወይም ሁልጊዜ በአንድ በኩል ባዘነበለ የመንገድ ዳር መሄድም ሁለቱን ጫማ ያለያያል። የእግር ቁመት ልዩነትም ቢሆን ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሆነ በብዙ ሰው ላይ ያለ ነገር ነው። ሥራው፣ ቦርሳውና መንገዱ ሁሉ ተመርምረው ልዩነቱ ከቀጠለ፣ በተለይ ዳሌ ወይም ወገብ ካመመ፣ ያኔ መታየት ይገባል።

የጫፉን መፋቅ ማቃለል

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የአንዱ ጫማ አፍንጫ ከታች ተፋቅቆ፣ የሌላው ደህና ከሆነ እግሩ እየተጎተተ ነው። የባት ጡንቻ መወጠር ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የእግሩን ፊት ወደ ላይ የሚያነሳው ነርቭ መጎዳትም ሊሆን ይችላል። ስኳር፣ ሥጋ ደዌ፣ የወገብ ዲስክ ችግር ሁሉ ወደዚህ ያደርሳሉ። በቅርቡ ደረጃ ላይ መደናቀፍ ከጀመሩ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በድንገት በአንድ ቀን የመጣ ከሆነ ደግሞ፣ ፊት መጣመም ወይም የእጅ መዛል ተጨምሮበት እንደሆነ፣ የጫማ ጉዳይ ሳይሆን የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው።

ስኳር ያለበት ሰው ሌላም ግዴታ አለበት። እግሩ ስሜት ካጣ ጠጠሩም፣ ሶሉን ወግቶ የገባው ሚስማርም አይሰማውም። ጫማውን ከማጥለቁ በፊት በየቀኑ እጁን ሰድዶ ውስጡን መዳሰስ አለበት።

የተበላውን ጥግ ብቻ ማስለጠፍ

ጎዶሎው ላይ ቁራጭ ጎማ በማስቲሽ ማስለጠፍ ርካሽ ነው፤ ግን ቁራጩ ከቀረው ታኮ ጋር እኩል አይሆንም። ጥሩ ጫማ ሰፊ መጀመሪያ ታኮውን ቆርጦ ያስተካክላል፣ ከዚያ ሙሉውን ይለውጣል። የላይኛው ቆዳ ራሱ ወደ ጎን ከተጋደመ ግን ታኮ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሐኪም ዘንድ በአዲስ ጫማ መሄድ

ሰው ለሐኪም ይለብሳል፤ ገብቶኛል። የእግር ሕመም ይዘው ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሲሄዱ ግን ቢያንስ ጥቂት ወራት የተራመዱበትንና ያልተጠገነውን አሮጌ ጫማ በፌስታል ይያዙ። ማጠብ አያስፈልግም፤ የጅማን ቀይ ጭቃ በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል።