ከደሴ ወደ ቆላ ለሚጓዝ የእግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾችን እንዴት እንመርጣለን?

የደሴ ወጣቶች ቡድን ሰመራ ወርዶ ሲጫወት ከተጋጣሚው ባልተናነሰ የሚፈትነው ሙቀቱ ስለሆነ፣ አሠልጣኙ በደጋው ብርድ ያየውን ብቃት ብቻ መለኪያ አድርጎ ስም ዝርዝር ማውጣት የለበትም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናት፤ የደጋ ልጅ ቆላ ሲወርድ ትንፋሽ ባያጥረውም፣ ሰውነቱ በላብ ራሱን ማቀዝቀዝን ገና አልለመደም። ይህ መላመድ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ስለሚወስድ፣ ከጉዞው በፊት ያሉትን ልምምዶች ሞቅ ወዳለችው ኮምቦልቻ አውርዶ፣ በመጀመሪያ አጠር ያለ፣ ቀስ በቀስም ረዘም ያለ ልምምድ ከቀትር በኋላ ማሠራት ይገባል። በሁለተኛው አጋማሽ ማን እንደሚዝል፣ ማንስ እንደሚጸና በግልጽ የሚታየው በዚያ ነው፤ ምርጫውም ከዚያ በኋላ ይሁን።

ሁለት ግብ ጠባቂዎች የግድ ያስፈልጋሉ። የውድድሩ ደንብ አምስት ቅያሪ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ቅያሪው በጨዋታ መካከል በሦስት አጋጣሚ ብቻ እንደሚደረግ አስታውሶ፣ ብዙ ለሚሮጡት የመስመር ተጫዋቾችና አማካዮች ተተኪ መያዝ፣ በተለይም በሁለት ቦታ መጫወት የሚችለውን ማስቀደም ይበጃል። ጉዳቱ ያልዳነ ተጫዋች፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን፣ መጓዝ የለበትም፤ በሙቀት ላይ ሕመም ተጨምሮበት ማሰለፍ በልጁ ጤና ላይ መፍረድ ነው።

ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት ያልተመረጡትን አንድ በአንድ ጠርቶ ምክንያቱን መንገር የአሠልጣኙ ግዴታ ነው። መታወቂያና የዕድሜ ማስረጃ ከዋዜማው በፊት ይሰብሰቡ።