የማዕድን ኩባንያ የረጅም ጊዜ ዕዳ ከሀብቱ አንጻር ሲለካ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ስሌቱ አጭር ነው፤ የረጅም ጊዜ ዕዳው ለጠቅላላ ሀብቱ ይካፈላል። ውጤቱ 0.40 ከሆነ፣ በመዝገብ ላይ ካለው ሀብት ከመቶ አርባ እጁ የረጅም ጊዜ ዕዳ አለበት ማለት ነው። በማዕድን ሥራ ግን ሁለቱም ቁጥሮች ከመበደርና ከመክፈል ጋር ግንኙነት በሌላቸው ምክንያቶች ስለሚንቀሳቀሱ፣ ምጣኔው ሲለወጥ ኩባንያውን ከመውቀስም ሆነ ከማመስገን በፊት የተንቀሳቀሰው አካፋዩ ይሁን ተካፋዩ መለየት ያስፈልጋል። ውጤቱ ጨርሶ የማይታመን ሆኖ ከተገኘ፣ አንደኛው ቁጥር በሺህ ሌላው በሚሊዮን ተጽፎ እንደሆነ፣ ሁለቱም የአንድ ቀን ቁጥሮች መሆናቸውም አስቀድሞ ይታይ።

ምልክት፦ አዲስ ብድር ሳይወሰድ ምጣኔው በድንገት ከፍ ይላል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሀብቱ ዋጋ መውረድ ነው። የማዕድን ማውጫ በመዝገብ የሚሰፍረው በወጣበት ወጪ ልክ፣ የእርጅና ቅናሽ ተቀንሶለት ነው፤ የብረቱ ዋጋ ሲወድቅ ወይም የማዕድኑ ክምችት ከተገመተው ያነሰ ሆኖ ሲገኝ፣ ማውጫው ወደፊት ያስገኛል የሚባለው ገንዘብ ከመዝገብ ዋጋው በታች ስለሚሆን ልዩነቱ መሰረዝ አለበት። 400 ሚሊዮን ዶላር ዕዳና 1,000 ሚሊዮን ዶላር ሀብት ያለው ኩባንያ 300 ሚሊዮኑን ሲሰርዝ፣ አንድ ዶላር ሳይበደር ምጣኔው ከ0.40 ወደ 0.57 ይወጣል። መዳብና ወርቅ የሚያመርተው ፍሪፖርት ማክሞራን በ2013 (እ.ኤ.አ.) ወደ ነዳጅና ጋዝ ከገባ በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ የገጠመው ይኸው ነበር፤ በ2015 ዕዳው 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ላይ ሳለ ጠቅላላ ሀብቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቀነሰ።

መፍትሄው የዕዳውን መጠን ብቻውን ከዓመት ዓመት ማነጻጸርና ምጣኔውን የተሰረዘውን ዋጋ መልሶ በመደመር ሁለተኛ ጊዜ ማስላት ነው። ይሁን እንጂ አዲሱን ምጣኔ «የሂሳብ አያያዝ ጉዳይ ነው» ብሎ መጣል ስህተት ነው፤ ዋጋው የተሰረዘው ዕዳውን ይከፍላል ተብሎ የተጠበቀው ሀብት ያን ያህል እንደማያስገኝ ኩባንያው ራሱ ስላመነ ነውና። ጭማሪው የታየው በ2019 ሂሳብ ከሆነ ግን ሌላም ምክንያት ይፈተሽ፦ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 16 ከጥር 1 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አብዛኛውን የማሽነሪ ኪራይ በሀብትነትም በዕዳነትም እንዲመዘገብ አድርጓል። የኪራይ ዕዳውን ከብድሩ ለይቶ ማስላት ግራ መጋባቱን ያስወግዳል።

ምልክት፦ ዕዳ ሳይከፈል ምጣኔው ዝቅ ይላል።

ይህ ከቀዳሚው ይበልጥ አሳሳቢ ነው፤ ጥሩ ዜና ይመስላልና። በ12 ወራት ውስጥ የሚከፈለው የብድር ክፍል ከረጅም ጊዜ ዕዳ ወጥቶ ወደ አጭር ጊዜ ዕዳ ይዛወራል። በተጨማሪም ኩባንያው በብድር ውሉ የገባውን ግዴታ ሳያሟላ ከቀረና አበዳሪው ገንዘቡን ወዲያውኑ የመጠየቅ መብት ካገኘ፣ እስከ ሂሳብ መዝጊያው ቀን ድረስ የእፎይታ ስምምነት ካልተገኘ በስተቀር፣ ብድሩ በሙሉ በአጭር ጊዜ ዕዳ ስር ይሰፍራል። ስለዚህ የኩባንያው ሁኔታ እጅግ በከፋበት ዓመት ምጣኔው ወደ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል። መፍትሄው በዓመቱ ውስጥ የሚከፈለውን የብድር ክፍል ሁልጊዜ መልሶ መደመርና ከሂሳብ መግለጫው ጋር የተያያዘውን የብድር ማብራሪያ እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው።

ምልክት፦ ምጣኔው ዝቅተኛ ነው፤ ኩባንያው ግን ገንዘብ ያጥረዋል።

እዚህ ላይ ዕዳ ተብለው ያልተጠሩ ግዴታዎችን መፈለግ ይገባል። አንዱ ወደፊት በቅናሽ ዋጋ ወርቅ ወይም ብር ለማስረከብ ቃል ተገብቶ አስቀድሞ የተወሰደ ገንዘብ ነው፤ በብዙ ሂሳቦች ቅድሚያ እንደተቀበለ ገቢ ይመዘገባል፤ በእኔ እምነት ግን ከምርት የሚከፈል ብድር አድርጎ መቁጠሩ ለእውነታው ይቀርባል። ሌላው ማውጫው ሲዘጋ መሬቱን መልሶ ለማልማት የሚያዘው መጠባበቂያ ነው። ይህ መጠባበቂያ በግዴታነት ሲመዘገብ ያው መጠን በማውጫው ዋጋ ላይም ስለሚደመር፣ የወደፊቱን ወጪ ወደ ዛሬ ዋጋ ለመመለስ የሚያገለግለው የወለድ መጠን ሲቀንስ መጠባበቂያውም ሀብቱም አብረው ያብጣሉ፤ በዚህም ግዴታው እየከበደ ምጣኔው የተሻሻለ ይመስላል። ሁለቱንም ግዴታዎች ከዕዳው ጋር ደምሮ ሰፋ ያለ ሁለተኛ ምጣኔ ማስላትና ከመጀመሪያው ጎን ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

ምልክት፦ ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ኩባንያዎች ምጣኔያቸው በእጅጉ ይለያያል።

አንደኛው የማዕድን ፍለጋ ወጪውን በሀብትነት ሲይዝ ሌላው በየዓመቱ ከትርፉ ላይ ይቀንስ ይሆናል። የመጀመሪያው ሀብቱ ስለሚበዛ ዕዳው ቀላል መስሎ ይታያል፤ የተያዘውን የፍለጋ ወጪ ከሀብቱ ቀንሶ ማነጻጸር ይቻላል።

ምጣኔያቸው እኩል ሆኖም አበዳሪዎች አንደኛውን የሚፈሩት ከሆነ፣ የተረጋገጠውና ሊገኝ ይችላል ተብሎ የተገመተው ክምችት ለዓመታዊው ምርት ተካፍሎ የማውጫው ቀሪ ዕድሜ ይሰላ፤ ከዚያም ከብድሩ መክፈያ ሰሌዳ ጋር ይተያይ። ዕድሜው 5 ዓመት የቀረው ማውጫ በ8ኛው ዓመት የሚከፈል ብድር ካለበት፣ 0.20 የሆነ ምጣኔም ቢሆን ከፍተኛ ነው።