የፒዲፒ-8 ቅጂ አልበራ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ፒዲፒ-8/አይ በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣ ባለ 12 ቢት ሚኒኮምፒውተር ነው። ዛሬ በኪት የሚገጣጠመው ቅጂ ፊቱ ያው ነው፦ 89 መብራት፣ 26 ስዊች። ከጀርባው ያለው ግን የድሮውን ማሽን በፕሮግራም የሚያስመስል፣ ራስበሪ ፓይ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ኪቱ በሰው እጅ ከውጭ ስለሚመጣ፣ መለዋወጫ ከማዘዝ በፊት በደንብ መፈተሽ ያዋጣል።

ፓይው እየበራ ይጠፋል፣ ወይም ስክሪኑ ላይ የመብረቅ ምልክት ይመጣል

ኃይል አንሶታል። ፓይ 5 ቮልት ይፈልጋል፤ ከ4.63 ገደማ ሲወርድ ያስጠነቅቃል። ሰው ቶሎ ብሎ የደሴን መብራት ይወቅሳል። ደህና ቻርጀር ግን የመብራቱን መዋዠቅ ይችለዋል። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኬብሉን ነው። ፒያሳ የሚሸጡት ቀጫጭን የስልክ ኬብሎች ቮልቱን መንገድ ላይ ይበሉታል። ፓይው እየሠራ ቦርዱ ላይ ያለውን 5 ቮልት በቴስተር ለኩ። ቻርጀሩ ጋ ደህና ሆኖ ቦርዱ ላይ ከወረደ፣ አጭርና ወፍራም ኬብል ግዙ።

መብራት ድንገት ሲሄድ ደግሞ ሚሞሪ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። የካርዱን ሙሉ ኮፒ አስቀምጡ።

መብራቶቹ አይበሩም

ሁሉም ከጠፉ፣ ፕሮግራሙ መነሳቱን እዩ። መብራቶቹን የሚያበራው እሱ ነው። ከተነሳ ለመብራቶቹ ኃይል የሚሰጠውን፣ ዩዲኤን2981 የሚባለውን ቺፕ ተመልከቱ። ተገልብጦ ተገጥሞ ይሆናል።

ከፊሉ ብቻ ከጠፋ ነገሩ ይጥማል፤ ጨለማው ራሱ ቦታውን ይነግራችኋል። መብራቶቹ በረድፍና በዓምድ የተያያዙ ናቸው። አንድ ሪጅስተር (ማሽኑ ቁጥር የሚይዝበት ቦታ፤ ፊቱ ላይ አንድ ረድፍ መብራት) ከዳር እስከ ዳር ከጨለመ፣ ጥፋቱ የዚያ ረድፍ መስመር ወይም የቺፑ አንድ እግር ነው። በሁሉም ሪጅስተር ላይ ያው ቢት (በረድፉ ውስጥ ያው ቦታ ላይ ያለው መብራት) ከጨለመ፣ የዓምዱን ሬዚስተር ብየዳ ፈትሹ። አንዲት መብራት ብቻ ከሆነች ወይ ተገልብጣለች፣ ወይ ብየዳዋ አልያዘም። ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው። ደካማ መበየጃ ይዞ በሐምሌ ብርድ መስኮት ከፍቶ የሚበይድ ሰው፣ ያልቀለጠ ብየዳ ቢበዛበት አይገርምም።

ቺፑ ከተቃጠለ ዩኤልኤን2803 አትተኩበት። መልኩ ያታልላል እንጂ ሥራው ተቃራኒ ነው፤ አንዱ ኃይል ይሰጣል፣ ሌላው ወደ ግራውንድ ይስባል። የሚተካው ቲዲ62783 ነው።

አንድ ስዊች አይሰማም

የስዊቹ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ተገልብጦ ይሆናል። 1ኤን4148 ስለሆነ ችግር የለም፤ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሰዎች ጋ ከተጣለ ቦርድ ላይ ይነቀላል። ጥቁሯን መስመር ከቦርዱ ምልክት ጋር አስተያዩ።

ሁሉ በርቷል፣ ግን ፀጥ ብሏል

"ረን" የምትለው መብራት ከጠፋች ማሽኑ ቆሟል እንጂ አልተበላሸም። ይህን ሞክሩ። ስዊቾቹን 0200 ላይ (የሚሞሪ አድራሻ ነው፤ እያንዳንዱ አሃዝ ሦስት ስዊች ይይዛል፣ ከግራ 4፣ 2፣ 1) አድርጋችሁ "ሎድ አድ" ተጫኑ። ከዚያ 7001 አስገብታችሁ "ዴፕ"፣ 5200 አስገብታችሁ እንደገና "ዴፕ"። ወደ 0200 ተመልሳችሁ "ሎድ አድ"፣ ከዚያ "ስታርት"። አኩሙሌተሩ (ማሽኑ ሂሳብ የሚሠራበት ሪጅስተር) መቁጠር ይጀምራል። በጣም ስለሚፈጥን 12ቱም መብራቶች ደብዘዝ ብለው የበሩ ይመስላሉ። ቆጠራውን ማየት ከፈለጋችሁ "ሲንግ ኢንስት"ን አብርታችሁ "ኮንት"ን ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ በየሁለት ጭነት አንድ ይጨምራል። ካልቆጠረ ወደ 0200 ሂዱና በ"ኤግዛም" አንብቡት። 7001 መሆን አለበት። የተለየው ቢት የትኛው ስዊች እንዳልተነበበ ያሳያችኋል።