የተጣመመ ኮምፔርሳቶ፦ ማቃናቱ፣ መቁረጡና ከብናኙ መጠበቁ

ኮምፔርሳቶ የሚጣመመው ሁለቱ ፊቶቹ እኩል እርጥበት ሳይዙ ሲቀሩ ነው። ንብርብሮቹ ጭረታቸው (የእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ) እየተሻገረ፣ ቁጥራቸውም ጎደሎ (3፣ 5፣ 7) ሆኖ የሚጣበቁት ሁለቱ ወገኖች ተያይዘው ሚዛን እንዲጠብቁ ነው። አንዱ ፊት ቀለም ተቀብቶ ሌላው ራቁቱን ሲቀር፣ ወይም ሉሁ ግድግዳ ተደግፎ ሳምንታት ሲቆም ሚዛኑ ይፈርሳል። ከዚህ በታች ገባ ያለውን ፊት ሆድ፣ ወጣ ያለውን ጀርባ እንለዋለን።

መጀመሪያ ጥመቱን ይለዩ። ሆዱን ወደ ላይ አድርገው ሁለት ሲባጎ ከጥግ ወደ ጥግ አሻግረው ይወጥሩ። ሲባጎዎቹ መሃል ላይ ሳይገፋፉ ለጥቂት ከተነካኩ ሉሁ ጎብጧል እንጂ አልተጠማዘዘም። በመካከላቸው ክፍተት ካለ ወይም አንዱ ሌላውን ከገፋ ግን ተጠማዝዟል፤ ይኼኛው በጣም አስቸጋሪው ነው፣ ለበር አይመከርም።

ለማቃናት ከመጣደፍ በፊት የሚቆርጧቸውን ቁራጮች መጠን ይመልከቱ። ጉብጠቱ ከርዝመቱ ጋር በካሬ ይቀንሳልና በ2.44 ሜትር ላይ 12 ሚሊሜትር የጎበጠ ሉህ ለሁለት ሲከፈል በእያንዳንዱ ላይ 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይቀራል፤ በ60 ሳንቲሜትር ቁራጭ ላይ 1 ሚሊሜትርም አይሞላ። ብዙ ጊዜ ማቃናት አያስፈልግም ማለት ነው።

ካስፈለገ፣ የሆዱ ፊት ደርቆ የተኮማተረ ስለሆነ እሱን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱት፤ ውሃ አያፍሱበት። ከዚያ ጀርባውን ወደ ላይ ገልብጠው ጫፍና ጫፉን በሁለት ሞራሌ ላይ ያሳርፉ፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ከቀጥታው ትንሽ አልፎ እስኪለምጥ ክብደት ይጫኑ። ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ክብደቱ ከተነሳ በኋላ ተመልሶ ከጎበጠ ችግሩ ውስጠኛው ንብርብር ላይ ነው፤ ጉልበት አይፈታውም። በእንፋሎት ወይም በእሳት ማሞቅ ግን አይሞከር። የቤት ውስጥ ኮምፔርሳቶ ብዙውን ጊዜ በዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ኮላ የተጣበቀ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙበት ኮላው ይለቃል፣ ፎርማልዴሃይድ የተባለውን ጋዝም በብዛት ያወጣል። ጥቁር ቡናማ የኮላ መስመር ያለው፣ ለውጭ ሥራ የተዘጋጀው፣ በዚህ በኩል ይሻላል።

ሁለት ባለ 9 ሚሊሜትር ሉሆች እኩል ከጎበጡ ጀርባ ለጀርባ አጣብቀው አንድ ቀጥ ያለ ባለ 18 ማውጣት ይቻላል። መሃሉ መጀመሪያ ይነካካል፤ ሞርሳዎቹ ጠርዝ ጠርዙን ሲያጠብቁ ትርፍ ኮላው ከመሃል ወደ ውጭ እየተገፋ ይወጣል። ለመደርደሪያ ደግሞ ጀርባውን ወደ ላይ ያድርጉት፤ የሚቀመጥበት ዕቃ ያቃናዋል።

ጀርባውን በመላጊያ ወይም በማሽን ብርጭቆ ወረቀት መፋቅ የተለመደ ስህተት ነው። የፊቱ ንብርብር ብዙ ጊዜ 1 ሚሊሜትር እንኳ ስለማይሞላ ወዲያው ይበሳል፣ የሁለቱ ወገን ሚዛን ይበልጥ ይዛባል፣ ብናኙም ኮላ የተቀላቀለበት ይሆናል።

ሲቆርጡ ትልቁ አደጋ መጋዙ ተይዞ ወደ ኋላ መምታቱ ነው። በጠረጴዛ መጋዝ ላይ ሆዱ ወደ ታች ይሁን፤ አለዚያ ሉሁ ይወዛወዛል፣ ምላጩንም ይነክሳል። ከምላጩ ትይዩ አይቁሙ። ትልቅ ሉህ በእጅ በሚያዝ ክብ መጋዝ ቢቆረጥ ይመረጣል፤ ከሥሩ አራት እኩል ሞራሌ ይደርድሩ፣ ሁለቱ በመቁረጫው መስመር ግራና ቀኝ ይሁኑ፣ ምላጩም ከሉሁ ውፍረት 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይለፍ። ጫፎቹ ብቻ ከተደገፉ መሃሉ ይረግብና የተቆረጠው ክፍተት ምላጩ ላይ ይዘጋል።

ስለ ብናኝ፦ ወለል ላይ የሚታየው ሰጋቱራ ትንሹ ችግር ነው። ሳንባ ድረስ የሚገባው ለዓይን የማይታየው ሲሆን ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ጭምብልዎን ወዲያው አያውልቁ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በ1995፣ ፎርማልዴሃይድን በ2004 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት ምድብ አስገብቷቸዋል። ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 ጭምብል ብናኙን ይይዛል፤ ጺም ካለ ግን በጎን ያስገባል። ጋዙን ደግሞ አይከላከልም፣ ለእሱ መስኮትና በር ይከፈት። ደረቅ መጥረጊያና ኮምፕሬሰር ብናኙን መልሰው ያስነሳሉ፤ በቫኪዩም ወይም በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱ። መጋዝ 100 ዴሲቤል ያህል ሲጮህ ያለ ጆሮ መከላከያ በቀን ከ15 ደቂቃ በላይ መቆየት አይገባም።

ሲጨርሱ ለሁለቱም ፊትና ለጠርዙ እኩል ዙር ቫርኒሽ ይቀቡ፤ የማይታየውን ጀርባ መዝለል ጥመቱን መልሶ መጥራት ነው። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨባብጦ ሰጋቱራ ውስጥ ከተጣለ በራሱ ሊነድ ይችላል፤ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።