የብላሲየስ ኮድ እምቢ ሲል

ፍሉይድ ሜካኒክስ የሚማር ሰው ከብላሲየስ ኢኩዌሽን (በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ የሚያልፍ ፍሰት ከሰሌዳው ሲርቅ ፍጥነቱ እንዴት እንደሚጨምር የሚገልጸው) አያመልጥም፤ ባሕር ዳር ፖሊ ግቢም ሆነ ሌላ ቦታ። በሹቲንግ ዘዴ (ግድግዳው ላይ ያለውን የፍጥነት ስሎፕ ገምቶ፣ ሩቅ ያለው ፍጥነት 1 እስኪሆን ግምቱን እያስተካከሉ ማስላት) ሲፈታ የሚመጡት ችግሮች ግን ብዙ ጊዜ የኮዱ አይደሉም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አስቀድማችሁ እዩት።

ግድግዳው ላይ 0.332 ሲጠበቅ 0.4696 ወጣ

ኮዱን አትንኩት። መጽሐፋችሁ ኢኩዌሽኑን ያለ ግማሽ (f''' = -½ff'' ሳይሆን f''' = -ff'' ብሎ) ጽፎታል ማለት ነው። መልሳችሁን ለ1.414 አካፍሉትና እዩት።

ቁጥሩ ፈነዳ

ብላሲየስ የዋህ ኢኩዌሽን ነው። የመነሻ ግምታችሁ ከዜሮ በላይ እስከሆነ ድረስ ፍጥነቱ የሆነ ቦታ ላይ ይረጋጋል። 1 ላይ ላይሆን ይችላል፣ ግን አይፈነዳም። ከፈነዳ ወይ የመቀነስ ምልክቷ ጠፍታለች፣ ወይ ግምቱ ኔጌቲቭ ገብቷል፣ ወይ ስቴፑ ከልክ በላይ ሰፍቷል።

እንዲያውም እዚህ ግምት መደጋገም አያስፈልግም። ቶፕፈር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1912 ዘዴውን አሳይቷል። ግማሽ ባለው ኢኩዌሽን ግምቱን 1 አድርጋችሁ አንዴ ብቻ አስሉ። ፍጥነቱ 2.085 ላይ ይረጋጋል። ይህን ወደ 1.5 ፓወር አንሱና 1ን አካፍሉበት፤ 0.332 ይመጣል። ትዕግሥት ላለው በካልኩሌተርም ይሠራል፣ መብራት ቢጠፋም።

0.336 ወጣ

ኢታን (ከሰሌዳው ያለውን ርቀት የሚወክለውን ቁጥር) 5 ላይ ቆርጣችሁታል። እዚያ ትክክለኛው ፍጥነት ገና 0.9915 ነው፤ እናንተ ግን በግድ 1 አድርጋችሁታል። እስከ 10 ውሰዱት።

ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሚሊሜትሩ ግን አልገጠመም

ይቺን ብዙ ሰው አያያትም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መጽሐፉ ጀርባ ያለው የአየር ሠንጠረዥ ደግሞ በአብዛኛው ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው። 20 ዲግሪ ላይ ዴንሲቲው በኪዩቢክ ሜትር ከ1.20 ወደ 0.97 ኪሎግራም ገደማ ይወርዳል። ቪስኮሲቲው ግን በግፊት ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ኪኒማቲክ ቪስኮሲቲው (ቪስኮሲቲው ለዴንሲቲው ሲካፈል) ሩብ ያህል ይጨምራል። ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ቢሆን፣ ከሰሌዳው ጫፍ 1 ሜትር ርቀት ላይ የባውንደሪ ሌየሩ (ሰሌዳው አጠገብ የዘገየው የአየር ንብርብር) ውፍረት 8.7 ሳይሆን 9.7 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ዴንሲቲውን ራሳችሁ ከአካባቢው ግፊት አስሉት፤ ግፊቱ 81 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። የምታሰሉት ለሐይቁ ውሃ ከሆነ ከፍታውን እርሱት፣ ሙቀቱን ብቻ ተጠንቀቁ።

ፎክነር-ስካን ላይ ሶልቨሩ ይዋዥቃል

ፎክነር-ስካን ብላሲየስን የውጪው ፍጥነት በሰሌዳው ርዝመት ለሚለዋወጥበት ፍሰት የሚያሰፋ ኢኩዌሽን ነው፤ ለውጡን የምትወክለው ቁጥር ቤታ ናት፣ ዜሮ ስትሆን ብላሲየስ ይመጣል። ቤታ ከ-0.1988 በታች ከሆነ አትድከሙ። ከሰሌዳው ሳይላቀቅ የሚሄድ ፍሰት እዚያ የለም። ከዚያ እስከ ዜሮ ባለው ደግሞ መልሱ ሁለት ነው፤ አንደኛው ግድግዳው አጠገብ ወደኋላ የሚፈስ። ሶልቨሩ የሚዘለው በነዚህ መሀል ነው። ከዜሮ ጀምራችሁ በትንሽ በትንሹ ውረዱ፣ ያለፈውን መልስ ለቀጣዩ ግምት አድርጉት። ወደ -0.19 ስትጠጉ እርምጃውን ይበልጥ አሳጥሩት።